«አንተ የማን ልጅ ነህ?» ታሶጋሬ ሴይቤይን ያያችሁ ኑ እናውራ

ወይንዬ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ትናንት ማታ ለሦስተኛ ጊዜ ያየሁት ፊልም እንቅልፍ ነሳኝና እዚህ መጣሁ። የጃፓን ፊልም ነው። «ታሶጋሬ ሴይቤይ» ይባላል፤ በእንግሊዝኛው «ዘ ትዋይላይት ሳሙራይ» ብላችሁ ፈልጉት። ዳይሬክተሩ ዮጂ ያማዳ ነው፣ የወጣው በ2002 በፈረንጅ። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ስለማወራ ያላያችሁ አይታችሁ ተመለሱ።

ሳሙራይ ሲባል ሁላችንም የምንጠብቀው ሰይፍ ነው። እኔም መጀመሪያ የከፈትኩት ለዚያ ነበር። ሴይቤይ ግን የቀለብ መጋዘን ጸሐፊ ነው። ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ የደረቀ ዓሣና እህል ይመዘግባል። ሚስቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞታበታለች። ካያኖና ኢቶ የሚባሉ ሁለት ትንንሽ ሴቶች ልጆች አሉት፣ ነገር የምትረሳ አሮጊት እናት አለችው፣ ዕዳ አለበት። ሥራ ሲያልቅ ባልደረቦቹ ና አንድ ሁለት እንበል ይሉታል፣ እሱ ግን ይቅርታ ጠይቆ ወደ ቤቱ ነው። «ታሶጋሬ» ያሉትም ለዚህ ነው። አመሻሽ ማለት ነው፣ ሲመሽ ቤቱ የሚገባ ሰው። ለቅጽል ስም ብለው እንጂ ለክብር ብለው አይደለም።

ማታ ማታ እሳት ዳር ተቀምጠው ከቀርከሃ ስንጣሪ እንደ ፌንጣ ላሉ ነፍሳት ትንንሽ ማኖሪያ ይሠራሉ። ለሽያጭ ነው፣ ለተጨማሪ ገቢ። እናትየው እዚያው ጎናቸው ናቸው። ልጃቸውን ቀና ብለው ያዩትና የማን ቤት ልጅ እንደሆነ ይጠይቁታል። እሱም ልጅዎ ሴይቤይ ነኝ ይላል። በቃ። ይህን ያህል ነው።

የኔ እናት ከታመመች አምስት ዓመት ሆናት። የመጀመሪያውን ዓመት እከራከራት ነበር። «እማዬ እኔ እኮ ነኝ፣ ወይንዬ፣ እንዴት ትረሺኛለሽ?» እያልኩ አንዳንዴም ጮክ እልባት ነበር። እሷ ደግሞ ትፈራኛለች፣ ነጠላዋን ትሰበስባለች፣ እኔ ወደ ጓዳ ገብቼ አለቅሳለሁ። ሴይቤይ አይከራከርም። አያዝንም ማለቴ አይደለም። መልሱን እንደ አዲስ ጥያቄ መልስ፣ በዚያው በለሰለሰ ድምፅ ይሰጣል። ነገም ይሰጣል። ይህን ሳይ ፊልሙን አቁሜ ተነስቼ ኮሪደር ላይ ቆሜ ነበር።

ለኔ የሰውየው ጀግንነት እዚያ ላይ ነው፣ ከሰይፉ ላይ አይደለም። እናንተስ? ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ የልጅነት ጓደኛውን ቶሞኤን አላገባም ያለው ከፍቅር ነው ከኩራት?

ፊልም_አዳኝ፦
ወይንዬ እናትሽን ፈጣሪ ይማርልሽ። ፊልሙ በጣም ከምወዳቸው አንዱ ነው። ለማያውቁት ትንሽ ልጨምር። ያማዳ ይህን ሲሠራ 71 ዓመቱ ነበር፣ ከዚያ በፊት የሳሙራይ ፊልም ሠርቶ አያውቅም። ከ1969 ጀምሮ ጃፓኖች «ቶራሳን» የሚሉትን ተንከራታች ሰውዬ የያዘ የቤተሰብ ኮሜዲ ሲሠራ ነው የኖረው፣ ዋናው ተዋናይ እስኪሞት ድረስ 48 ፊልም ደርሷል። ስለዚህ ሳሙራይ ሲሠራም ካሜራውን ይዞ የገባው ጓዳ ነው። ታሪኩ ከሹሄይ ፉጂሳዋ አጫጭር ልቦለዶች የተወሰደ ነው። ደራሲው ራሱ የያማጋታ ልጅ ነው፣ ታሪኩ የሚካሄድበት የሰሜን ምሥራቅ አገር። በጃፓን ፊልም አካዳሚ 12 ሽልማት ወሰደ፣ ለኦስካርም በውጭ ቋንቋ ፊልም ታጨ።

ሴይቤይን የሠራው ሂሮዩኪ ሳናዳ ነው፤ ብዙዎቻችሁ በ2024 «ሾገን» የተባለው ተከታታይ ድራማ ላይ አይታችሁታል፣ የኤሚ ሽልማት ያገኘበት። ሁለቱን አከታትላችሁ እዩ። እዚያ ሲገባ ክፍሉ ሁሉ ፀጥ የሚልለት ጌታ ነው። እዚህ ደግሞ ኪሞኖው ብብቱ ስር የተቀደደ፣ ፀጉሩ ያልተላጨ፣ የሚሸት ሰው። ጌታው መጋዘን ሊጎበኝ መጥቶ ሽታው እስኪሰማው ድረስ! አጎቱ ያንን ሰምቶ ቤቱ ድረስ መጥቶ የዘር ማሰደቢያ አድርጎ ሲያወርድበት ሴይቤይ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል።

ግን አንድ ነገር ላይ አልስማማም። ከሰይፉ ላይ አይደለም ብለሻል። መጨረሻው አካባቢ ሰይፈኛው ዮጎ ቤት ውስጥ ያለው ትዕይንት ከሌለ ፊልሙ ግማሽ ነው።

ናቲ_መ፦
እውነቱን ልናገር፣ ለኔ ከበደኝ። የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ ምንም አይሆንም። ሰውዬው ይሠራል፣ ቤት ይገባል፣ ይሠራል፣ ቤት ይገባል። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ አቆምኩ። በሦስተኛው ጨረስኩት፣ መጨረሻው አሪፍ ነው፣ ግን ያን ያህል ማስረዘም ለምን አስፈለገ?

ሰላማዊት_ሜሪላንድ፦
ናቲ ወንድሜ፣ አልፈርድብህም፣ ግን እኔ የምሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው፣ ስምንት ዓመቴ። ያ «ምንም አይሆንም» ያልከው ነው ሥራው። ማጠብ፣ ማብላት፣ መልሶ ማጠብ፣ ስማቸውን መንገር፣ መልሶ መንገር። የቀን ውሎህን ለሰው ብታወራው ሁለት ደቂቃ አይሞላም፣ ማታ ግን እግርህ አይሸከምህም። ፊልሙ ያንን አላሳጠረውም። ቢያሳጥረው ኖሮ ሰውየው ለምን እንደሚሸት አይገባህም ነበር። ገላውን ለመታጠብ ጊዜ የሌለው የሌሎቹን ገላ ስለሚያጥብ ነው።

ስለ ቶሞኤ ደግሞ እኔ ተናድጃለሁ፣ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ቶሞኤ የልጅነት ጓደኛው ናት፣ ከሀብታም ባሏ የተፋታችው ሰክሮ እየመታት ነው። ሴይቤይ ቤት ትመጣለች፣ ልጆቹን ታጫውታለች፣ ታጥባለች፣ ቤቱ ሰው የሚኖርበት ቤት ይመስላል። ወንድሟ፣ የሱ ጓደኛ፣ ራሱ መጥቶ አግባት ይለዋል። እሱ ምን አለ? የሞተችው ሚስቴም ከተሻለ ቤት የመጣች ነበረች፣ በድህነቱ ተማርራ ሞተች፣ ቶሞኤም መጀመሪያ ይመስላታል እንጂ በኋላ ታዝናለች አለ። ማን ጠየቃት? በራሷ ሕይወት ላይ ሁለት ወንዶች ወንዝ ዳር ዓሣ እያጠመዱ ወሰኑባት። ይህ ኩራት ነው፣ ፍቅር አትበሉኝ።

ወይንዬ፦
ሰላምዬ «የሌሎቹን ገላ ስለሚያጥብ ነው» ያልሽው ልቤ ውስጥ ገባ። እኔ በዚያ መልኩ አላየሁትም ነበር። ቶሞኤ ላይ ግን ትንሽ ልሟገትሽ። እሱ ኩሩ ነው ብዬ አላምንም፣ ፈሪ ነው እላለሁ። ድህነት የሚወዳትን ሴት ፊት እንዴት እንደሚለውጥ አንዴ አይቷል። ሚስቱ እየታመመች እየተማረረች ስትሄድ አጠገቧ ነበር። ያንን ፊት በቶሞኤ ላይ ደግሞ ማየት አልቻለም። እኔም እጮኛዬን «እናቴን ትቼ አልመጣም፣ አንተም እዚህ ገብተህ አትሠቃይ» ብዬ የሸኘሁ ሰው ነኝ። እሱን የጠየቅኩት አይመስለኝም። አሁን ስጽፈው ነው የገባኝ።

ሰላማዊት_ሜሪላንድ፦
እህቴ ይቅርታ፣ አላወቅኩም። ቃሌን አላነሳም ግን አንቺን ማቁሰል አልፈለግኩም።

ወይንዬ፦
አላቆሰልሽኝም። እውነትሽን ነው።

አባ_ካሱ፦
ልጆቼ፣ ዘግይቼ ገባሁ። የሁለት ሴቶች ልጆች አባት ነኝ፣ አሁን ትልልቅ ሆነዋል። ፊልሙን ያሳየችኝ ትልቋ ናት። እናንተ ያላነሳችሁትን አንድ ነገር ላንሳ። ትልቋ ልጅ ካያኖ መጽሐፍ ታነባለች፣ የጥንቱን የቻይና ፈላስፋ የኮንፊሽየስን ቃል በቃሏ ትወጣለች። አባቷን ትጠይቀዋለች፤ መስፋት ብማር ልብስ እሠራለሁ፣ የመጽሐፍ ትምህርት ግን ምን ይጠቅመኛል? ብላ። አባትየው እጁ በቀርከሃው ሥራ ተይዞ ቆም ብሎ ያስባል። ከዚያ የሚላት ትምህርት ማሰብ ያስችልሻል ነው፤ ዓለም እንዴትም ቢለወጥ ማሰብ ከቻልሽ መኖር ትችያለሽ።

በዚያ ዘመን ሴት ልጅ መማሯ ቤተሰብ የሚሳቀቅበት ነገር ነው፣ አጎትየውም ሲቆጣ ሰምታችኋል። ሴይቤይ ለልጆቹ የሚያወርሰው መሬት የለውም፣ ብር የለውም። ያለው ይህ ብቻ ነው። ደግሞ ልብ በሉ፣ ፊልሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የምትተርክልን ትንሿ ልጅ ኢቶ ናት፣ አርጅታ። አባቷ ሲናገር ሰምታ ያላለፈችው ነገር ነው ፊልም የሆነው። የኔዋ ልጅ ያን ቦታ ላይ ስትደርስ አቆመችና «አባዬ አንተም አንዴ እንዲህ ብለኸኛል» አለችኝ። ትዝ አይለኝም። ብያት ከሆነ ግን ደስ ይለኛል።

ጃፓንኛ_ተማሪ፦
ቋንቋውን ለአራት ዓመት ስማር ቆይቻለሁና አንድ ነገር ልበል፣ ወይንዬ በተለይ አንቺ ስሚኝ። «ታሶጋሬ» የሚለው ቃል መነሻው ጥያቄ ነው። በጥንቱ ጃፓንኛ «ታ ሶ ካሬ» ሲባል «ያ ማነው?» ማለት ነው። ጀንበር ስትገባ ከሩቅ የሚመጣ ሰው ፊቱ ስለማይለይ። እኛ «ለዓይን ያዝ ሲያደርግ» የምንለው ሰዓት ማለት ነው፣ የኛም ቃል የሚነሳው ከዓይን ነው።

አሁን እናትየውን አስቢ። በየማታው የምትጠይቀው ጥያቄ የልጇ ቅጽል ስም ነው። አንተ ማነህ።

ወይንዬ፦
ኧረ እግዚአብሔር ይስጥህ። ምን ልበል አላውቅም። ፊልሙን አራተኛ ጊዜ ላየው ነው ማለት ነው።

ፊልም_አዳኝ፦
ይህቺ ነገር የኔንም ክርክር ትረዳለች። የዮጎን ቤት ላምጣው። የአገሩ ገዢ ይሞታል፣ ከሥልጣን ሽኩቻው በኋላ የተሸነፈው ወገን እንዲጠፋ ይወሰናል። ዮጎ ዜንኤሞን የሚባል ብርቱ ሰይፈኛ ሆድህን ቀደህ ሙት ሲሉት እምቢ ብሎ ቤቱ ውስጥ ይዘጋል። የተላከበትን ሰው ይገድላል። ከዚያ ሴይቤይ ይታዘዛል። ለምን እሱ? የቶሞኤን የቀድሞ ባል ወንዝ ዳር በእንጨት ዱላ ብቻ ስላሸነፈው ወሬው ደርሷል። ለሴት ብሎ ያነሳት ዱላ ናት መዘዝ ያመጣችው።

ከዚያ በጨለማ ቤት ውስጥ ሁለቱ ይገናኛሉ። ዮጎ ቁጭ ብሎ ይጠጣል። ልሽሽ፣ ልቀቀኝ ይለዋል። ሴይቤይም አይጨክንም፣ ቁጭ ይላል። ያወራሉ። ዮጎም ጌታ አጥቶ ዓመታት ተንከራቷል፣ ሚስቱና ልጁ ሞተውበታል። የልጁን አጥንት አውጥቶ በጥርሱ ሲሰብረው ያ ድምፅ... እኔ እስካሁን ይሰማኛል። ዮጎን የሠራው ሚን ታናካ ዳንሰኛ ነው፣ ይህ የመጀመሪያ ፊልሙ ነው። ሲንቀሳቀስ ሰው አይመስልም።

ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው! ሁለቱም ሚስት ቀብረዋል፣ ሁለቱም ደሃ ናቸው። ሴይቤይ ለሚስቱ ቀብር ረጅም ሰይፉን እንደሸጠ፣ በወገቡ ያለው ቀርከሃ እንደሆነ ይነግረዋል። ለሰው የማይነገር ምሥጢር ነው፣ ጓደኛ ያገኘ መስሎት ነው የተናገረው። ዮጎ ግን በቀርከሃ ልትገድለኝ መጣህ? ናቅኸኝ? ብሎ ይነሳል። አጭሩን ሰይፍ ነው የምጠቀመው፣ የተማርኩት እሱን ነው ቢለውም አይሰማም። የዮጎ ረጅም ሰይፍ የጣሪያው ወራጅ ላይ ይሰካል። በዚያ ነው የሚሞተው። ሰይፉ የመጣው ወይንዬ ካወራችው ድህነት ነው። ስለዚህ ለይተን ማየት አንችልም ነው የምለው።

ናቲ_መ፦
ይህ ትዕይንት ላይ እኔም አልተነፈስኩም። ግን ጥያቄ አለኝ። ሴይቤይ ለምን እምቢ አላለም? ጥሩ ሰው ነው፣ ልጆች አሉት፣ ሰው መግደል አይፈልግም። እምቢ ማለት ነበረበት።

አባ_ካሱ፦
ልጄ ናቲ፣ መጀመሪያ እምቢ ብሏል እኮ። ሰው ለመግደል የአውሬ ጭካኔ ያስፈልጋል፣ እኔ በኑሮ ደክሜ አጥቼዋለሁ፣ ጊዜ ስጡኝ ብሎ ለመነ። ሹማምንቱ ተቆጡ። እምቢ ካለ ከአገሩ ይባረራል። ደሞዙ ቀረ ማለት ነው። ዮጎ ራሱ ጌታ ያጣ ሰው ምን እንደሚሆን ማሳያው አይደለም? ሴይቤይ እምቢ ቢል የሱም ልጆች ዕጣ የዮጎ ልጅ ዕጣ ነው። አሮጊቷን ይዞ በየመንደሩ? እኔ በሱ ቦታ ብሆን እሄድ ነበር፣ በእግዚአብሔር ፊትም አልጸድቅም ነበር። ሁለቱም እውነት ነው።

የታሪክ_መምህር፦
ጥሩ ውይይት ነው። ስለ ደሞዙ ትንሽ ላብራራ። በዚያ ሥርዓት ደረጃ የሚለካው በሩዝ ነው። አንድ ኮኩ ለአንድ ሰው የዓመት ቀለብ ይበቃል የተባለ መጠን ነው፣ ወደ 150 ኪሎ ገደማ። ሴይቤይ 50 ኮኩ አለው፣ ዕዳው ተቀንሶ 30 ያህል ይቀራል። ታዲያ 30 ሰው የሚያበላ ሩዝ ያለው ሰው እንዴት ደሃ ይሆናል ትሉ ይሆናል። ልብሱ፣ መድኃኒቱ፣ አገልጋዩ፣ የቀብር ወጪው፣ የማዕረጉ ግዴታ ሁሉ ከዚያው ሩዝ ሽያጭ ነው የሚሸፈነው። ደግሞም በወረቀት ያለውና እጅ የሚገባው አንድ አልነበረም። እንደ ሴይቤይ ያሉ ዝቅተኛ ሳሙራዮች በእጅ ሥራ ራሳቸውን ይደግፉ የነበሩት ለዚህ ነው።

ሌላ ነገር። የኛ ሰዎች ጃፓንን በጣም ያደነቁበት ዘመን ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ በ1931 በፈረንጅ ሄደው አይተው ተመልሰው ጽፈውላታል። በዚያው ዓመት የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችንም በ1889 ከወጣው የጃፓኑ ንጉሠ ነገሥት የሜይጂ ሕገ መንግሥት ነው በብዛት የተቀዳው። የኛ ምሁራን ያዩት ያሸነፈውን ወገን ነው፤ ባቡሩን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ጦሩን። ያማዳ የሚያሳየን ያ አዲስ ዘመን ሲመጣ በጥይት የተመታውን ሰው ነው። ታሪኩ የሚካሄድበት የሾናይ አገር በ1868ቱ የእርስ በርስ ጦርነት ከሾገኑ፣ ከአሮጌው ዘመን የጦር ገዢ ጋር ነበር የቆመው። ሴይቤይ የሚሞተው እዚያ ነው፣ በጠመንጃ። አጭሩን ሰይፍ ያን ያህል የተካነ ሰው የገደለውን ሳያየው ሞተ።

ሰላማዊት_ሜሪላንድ፦
መምህር እናመሰግናለን። መጨረሻው ላይ ደረስን እንግዲህ። ወደ ዮጎ ከመሄዱ በፊት ቶሞኤን አስጠርቶ ፀጉሩን ታስርለታለች፣ ታለብሰዋለች። እጇ ከኋላው ቀበቶውን ስታጠብቅ ካሜራው አይሮጥም። ያኔ ነው የሚናገረው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ እወድሻለሁ ብሎ። እሷ ደግሞ ሌላ ሰው ጠይቆኝ እሺ ብያለሁ ትለዋለች። አየሽ ወይንዬ? ያልተጠየቀች ሴት ጊዜዋ ያልፋል።

ግን ቆስሎ እያነከሰ ሲመለስ ቤት ናት። እየጠበቀችው። ማንም አላዘዛትም፣ ወንድሟም አልወሰነላትም። የተናደድኩት ሁሉ እዚያ ላይ ለቀቀኝ።

ናቲ_መ፦
ከዚያ ግን ሦስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ይሞታል። ያ ነው ያበሳጨኝ። ይህ ሁሉ መከራ ለሦስት ዓመት?

አባ_ካሱ፦
ኢቶ አርጅታ መቃብሩ ላይ ቆማ የምትለውን ደግመህ ስማው ልጄ። ሰዎች አባቴን ዕድለ ቢስ ይሉታል፣ እኔ አይመስለኝም ነው የምትለው። ልጆቹን ይወድ ነበር፣ ቶሞኤ ትወደው ነበር፣ በአጭር ዕድሜው ረክቶ ይሆናል ትላለች። ቶሞኤም ልጆቹን ይዛ ቶኪዮ ሄዳ ሠርታ አሳድጋቸዋለች፣ ያልወለደቻቸውን። አሁን ከሱ ጋር አንድ መቃብር ውስጥ ናት። ሦስት ዓመት ትንሽ ናት ብዬ እኔም ሳስብ ነበር፤ ባለቤቴ ከሞተች በኋላ ግን አልልም።

ጃፓንኛ_ተማሪ፦
አባባ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር።

ፊልም_አዳኝ፦
ነፍስ ይማር አባባ። ለቀጣይ ማየት ለምትፈልጉ፣ ያማዳ ከፉጂሳዋ ታሪኮች ሁለት ሌሎች ሠርቷል፣ አንዱ በ2004 አንዱ በ2006። የመጨረሻው መርዝ ሲቀምስ ዓይኑ ስለጠፋ የጌታው ቀማሽና ስለ ሚስቱ ነው። ተከታታይ አይደሉም፣ ከፈለጋችሁት ጀምሩ። እኔ ግን ሴይቤይን አስቀድሙ እላለሁ።

ወይንዬ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ይህን ያህል ሰው ይጽፋል ብዬ አልጠበቅኩም። ትናንት ቅዳሜ ወንድሜ ተራው ነበርና መጥቶ ነበር፣ አብረን አየነው። እማዬም ከኛ ጋር ሶፋው ላይ ነበረች። ወንድሜ እንደ እኔ አይደለም፣ አሁንም ይከራከራታል፣ «እንዴት ረሳሽኝ» ይላታል፣ እኔም አልወቅሰውም፣ በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው፣ ሁልጊዜ እንደ አዲስ ያመዋል።

የእሳት ዳሩ ትዕይንት ላይ ዝም አለ። ምንም አላለም እስከ መጨረሻው። ካለቀ በኋላ እማዬ ዞር ብላ አየችውና «ደግሞ አንተ የማን ነህ?» አለችው። ጋቢዋ ከትከሻዋ ወርዶ ነበር። መለሰላትና «ያንቺው ነኝ፣ የበኩር ልጅሽ» አላት። «አሃ» አለችና ሻይ እንዲጨምርላት ጠየቀችው።